ቁልቁለት ካልሆነ የማይቆመው አውቶቡስ

ስድሳዎቹ ገና ሲጀምሩ ፍኖተ ሰላም ስልክ ቤት እሠራ ነበር። ሰው ይመጣል፣ «ቡሬን ስጪኝ» ይላል፣ ገመዱን ሰክቼ ቡሬን እሰጠዋለሁ። ቡሬን፣ ዳንግላን፣ ባሕር ዳርን ለሰው ስሰጥ እውላለሁ እንጂ እኔ ራሴ በዚያ በኩል ከማንኩሳ አልፌ አላውቅም። ከባሕር ዳሯ የስልክ ሠራተኛ ጋር ግን በድምፅ ጓደኛሞች ሆነን ነበር። መስመሩ ነጻ ሲሆን እሷ የጣናን ንፋስ ትነግረኛለች፣ እኔ የፍኖተ ሰላምን አቧራ እነግራታለሁ። ጥርሷ ፍንጭት መሆኑን ሳይቀር ነግራኛለች። ፊቷን ግን አላውቀውም።

የሽርሽሩ ወሬ የመጣው ጥምቀት እንዳለፈ ነው። ማርና ቆዳ ሲነግድ የኖረ አንድ የከተማችን ሰው ከአዲስ አበባ ያገለገለ አውቶቡስ ገዝቶ መጣ። አውቶቡሱ ሰማያዊ ነበር፤ በተላጠበት በኩል ከሰማያዊው ሥር ቀይ፣ ከቀዩም ሥር ሌላ ቀለም ይታያል። ሰውየው በገበያ ቀን ጣሪያው ላይ ወጥቶ በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። ማንኩሳ ላይ ሻይ እንጠጣለን። ቡሬ ላይ በዶሮ ወጥ ምሳ እንበላለን። ጥሊሊ ላይ በቅሎዎች ተጭነው ይጠብቁናል፤ በእነሱ ግሽ ዓባይ ደርሰን ጠበል ተጠምቀን እንመለሳለን። ከዚያ ዳንግላ፣ ከዚያ መራዊ፣ ማታ ባሕር ዳር። በማግስቱ በጀልባ ጣና ላይ ከደሴት ደሴት ስንዘዋወር እንውላለን። በአውቶቡሱ ውስጥ ሬዲዮ አለ። መቀመጫው ስፖንጅ ነው። የምናየውን ሁሉ የሚያስረዳ የተማረ ዲያቆን አብሮን ይሄዳል።

ከጥሊሊ ግሽ ዓባይ በበቅሎ ደርሰው እስኪመለሱ ቀኑ እንደሚያልቅ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም ልብ አላልኩም። ያን ቀን ማታ ያሰብኩት ስለ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ባሕር ዳሯ ልጅና ስለ አክስቴ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ነው የሚኖሩት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ በቀር የትም ወጥተው አያውቁም። አንድ መነኩሴ በአካባቢው ሲያልፍ ስለ ጣና አውርቷቸው ነበርና ባገኙኝ ቁጥር ስለ ባሕር ይጠይቁኛል፤ ስልክ ቤት ስለምሠራ ሁሉንም ነገር የማውቅ ይመስላቸዋል። ላክሁባቸው። በቅሏቸውን ጭነው መጡ።

«ውሃው አይሄድም ይባላል፤ እውነት ነው?» አሉኝ ገና ከመቀመጣቸው።

«አዎ አክስቴ፤ ተኝቶ ነው የሚውል።»

«እንዴት ያለ ውሃ ነው እሱ!» አሉ። «እኔ የማውቀው ውሃ ሁሉ ቸኳይ ነው።»

ለባሕር ዳሯ ልጅ አረንጓዴ ሻርፕ አስሬ እንደምመጣ በስልክ ነገርኳት። መናኸሪያ ቆማ ልትጠብቀኝ፣ ቤቷ ወስዳ ራት ልታበላኝ ተስማማን። ፍንጭቷን አይቼ እንደምለያት ነገርኳትና ሳቀች።

ቅዳሜ ጠዋት ስንደርስ አውቶቡሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቆሟል። በረከት ፈልገው ነው ብለን ደስ አለን። አክስቴ አገልግል ይዘው ነበር። ባለአውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ፣ «እናቴ፣ ምግብ በጉዞው ውስጥ አለ፤ ይህን አይሸከሙ» አላቸው። አክስቴ «እሺ ልጄ» አሉና አገልግሉን በጋቢያቸው ሸፍነው ገቡ።

ከሾፌሩ ኋላ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። በኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው የሾፌሩን እጅ ይመለከታሉ። ሾፌሩ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሁላችንም ስንገባ ከሞተሩ ድምፅ ሳይሰማ አውቶቡሱ በራሱ መንሸራተት ጀመረ፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ወርዶ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨና ተነሳ። እልል አልን።

ማንኩሳ ስንደርስ ሻይ ቤቱን አየነው። ብርጭቆዎች ተደርድረው ነበር። አውቶቡሱ በፊት ለፊታቸው አለፈ።

«ሻይ! ሻይ!» ብሎ ሰው ጮኸ።

«እዚህ ሜዳ ነው» አለ ሾፌሩ።

«ሜዳ ቢሆንስ?» አሉ ዳኛው።

«ከቆምኩ አይነሳም። ባትሪው ሞቷል። ሞተሩ ደግሞ ሚኒሞ አይይዝም፤ ነዳጁን ለቀቅ ካደረግኩለት ይጠፋል። ቁልቁለት ካላገኘሁ አልቆምም።»

ባለአውቶቡሱ ተነስቶ ወደ እኛ ዞረና፣ «ይህ የተደረገው ጊዜ ለመቆጠብ ነው፤ የማንኩሳው ሻይ ቡሬ ላይ ከምሳ ጋር ይሰጣል» አለ።

ዳኛው ትንሽ ቆይተው ሾፌሩን ጠየቁት። «ለመሆኑ ከዚህ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ከተሞቹ የተሠሩት የት የት ላይ ነው?»

ሾፌሩ አሰበ። አንድ በአንድ እያሰላሰለ እንደሆነ ከኋላው ሆኜ አየሁት።

«ሜዳ ላይ» አለ።

ሬዲዮውን ለመክፈት ተሞከረ። ሬዲዮውም የሚሠራው በዚያው ባትሪ ነው። ዲያቆኑ በሬዲዮው ፋንታ ዜማ ያሰማ ተባለና ከፊት ቆሞ የጥምቀትን ዜማ ጀመረ፤ ድምፁ ጥሩ ነበር፤ መንገዱ ጠጠር ስለሆነ ግን ዜማው የራሱ ያልሆነ መርገብገብ ይጨመርበት ነበር። የመቀመጫው ስፖንጅ ባለበት አለ፤ ያለው ግን ዳር ዳሩን ነው።

ቡሬ ስንገባ ምሳ አዘጋጇ ሴትዮ ከመንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ቀሚሳቸውን በመቀነት ከፍ አድርገው የታጠቁ ሴት ናቸው። ድስቱ በሳር ጉዝጓዝ ላይ ተቀምጧል፤ መሶቡ ከጎኑ ነው። ባለአውቶቡሱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «መቆም አንችልም! በመስኮት አቀብሉን!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩ የቻለውን ያህል ዝግ አደረገ። ሴትዮዋ አላመነቱም፤ እጃቸው የገባውን አንስተው ከአውቶቡሱ ጎን ሮጡ። ስድስት ሰባት እጅ በመስኮት ተዘረጋ። ሰጡን፣ ተቀበልን፣ አውቶቡሱ ፈጠነ።

የተቀበልነው የእጅ ማስታጠቢያውን ጆግ ነበር።

የወጡ ሽታ እስከ ከተማው ዳርቻ ተከተለን። አንድ ሰው ጆጉን አንስቶ ለጎረቤቱ አስታጠበ። ያኛው ደግሞ ለሚቀጥለው። እንዲህ እየተባለ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ሁላችንም እጃችንን ታጠብን። ከዚያ እጃችንን ከፍ አድርገን እንደያዝን ተቀመጥን።

«ሲመለሱ ይበላል» አለ ባለአውቶቡሱ።

ከቡሬ ወጥተን ወደ ፈጣም ወንዝ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ አውቶቡሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። ሰው እየተጣደፈ ወረደ። ከድንጋይና ከግራር በቀር ምንም የለም። ባለአውቶቡሱ ዲያቆኑን በዓይኑ ጠቀሰው። ዲያቆኑ አንድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ በእጁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አመለከተ። እዚያ ሰማያዊ ተራሮች ተደራርበው ይታያሉ።

«ግሽ ዓባይ ከእነዚያ ተራራዎች ጀርባ ናት» አለ። ስለ ምንጩ፣ ስለ ጠበሉ፣ ከአንዲት ትንሽ ዓይን ተነስቶ ስንት አገር ስለሚያጠጣው ውሃ አስረዳን። ያሳመረው አነጋገር ነው። አንዳንድ ሴቶች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። አክስቴ ወደ ተራራው ዞረው ሦስት ጊዜ ሰገዱ።

«ጠበሉስ?» አሉ ዳኛው።

«ጠበሉም ከተራራው ጀርባ ነው ጌታዬ።»

«በቅሎዎቹ የሚጠብቁን ጥሊሊ አልነበረም?»

ሁላችንም ሾፌሩን አየነው። «ጥሊሊ ሜዳ ነው» አለ።

ተሳፈርን። አውቶቡሱ ተንሸራቶ ተነሳ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ማዶ ያለውን ዳገት ተያያዘው። ግማሹ ላይ ሲደርስ ከፊት እንፋሎት ወጣ፤ ሾፌሩ ፍሬኑን እየያዘ እየለቀቀ ወደ ኋላ መለሰንና ድልድዩ አፍ ላይ አቆመን። ውሃ ከወንዙ በጆጉ እየተቀዳ ተጨመረ። ወንዶቹ ወርደው ገፉ። ሁለተኛም ተሞከረ። ሁለተኛም ወደ ኋላ ተመለስን። ሾፌሩ ወርዶ ከፊት ያለውን ዳገት አየ፣ ከኋላ ያለውን ዳገት አየ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ሞተሩን ለማስነሳት ቁልቁለት ያስፈልገኛል» አለ። «ቁልቁለቱ ጋ ለመድረስ ሞተር ያስፈልገኛል።» 

ዳኛው ያን ጊዜ ነው የተነሱት። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ባለአውቶቡሱ ሄዱና ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው፣ «በሕግ አምላክ!» አሉት። ሰውየው ባለበት ቆመ። ዳኛው የጋቢያቸውን ጫፍ አንስተው ከሰውየው ኮት ቁልፍ ማሰሪያ ጋር አጥብቀው ቋጠሩት። በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ በልብሳቸው ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፍለጋ የሚሄዱት። እኔ በወሬ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

«እርስዎ ራስዎ ዳኛ አይደሉም?» አለ ባለአውቶቡሱ።

«በራሴ ጉዳይ አልፈርድም» አሉ ዳኛው። «በመንገድ የሚያልፍ ይዳኘናል።»

መንገዱ ላይ የሚያልፍ አልነበረም። ሁለቱ እንደተቋጠሩ ተቀመጡ። ፀሐይ ስትበረታ እንደተቋጠሩ ወደ ግራሩ ጥላ ሄዱ። አውቶቡሱን ከመንገዱ መሐል ፈቀቅ ለማድረግ ሲገፋ እንደተቋጠሩ ጎን ለጎን ገፉ። አንድ ጊዜ ባለአውቶቡሱ በዳኛው ጆሮ የሆነ ነገር አንሾካሾከ፤ ሁለቱም ተነስተው ከቁጥቋጦው ኋላ ሄዱ፤ ሲመለሱም እንደተቋጠሩ ነበሩ።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ባላገር በበቅሎ ከቡሬ በኩል መጡ። ከለቅሶ የሚመለሱ ናቸው። ዳኛው በሕግ አምላክ ብለው ሲያስቆሟቸው ከበቅሎ ወርደው ፊታቸውን አኮሳትረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ጥሪ ከደረሰ ጥሎ መሄድ እንደማይገባ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ዳኛው የተከራከሩትን ክርክር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዘራቸውን እየሰበቁ፣ ወደ ፊት እየተራመዱ፣ ባለአውቶቡሱን አብረው እየጎተቱ፣ «ሻይ ጎደለ! ምሳ ጎደለ! ጠበል ጎደለ! ባሕር ጎደለ! ይህ ሁሉ የጎደለበት ጉዞ ሞልቷል ይበለኝና ይርታኝ!» አሉ።

ባላገሩ ወደ ባለአውቶቡሱ ዞሩ። «አንተስ?»

«አልጎደለም» አለ ባለአውቶቡሱ። «ዘገየ።»

ባላገሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻዩ የት እንደነበረ ጠየቁ። ድስቱ አሁን የት እንዳለ ጠየቁ። አውቶቡሱን ዞረው አዩት፤ ጎማውን በእግራቸው ነካ አደረጉት። ተመልሰው ተቀመጡ። ሁላችንም ከብበን ቆመናል።

«ነገሩ ከባድ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ በችኮላ የሚፈረድበት አይደለም። እኔም ከብቶቼ ውሃ አልጠጡም። ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት እዚሁ ድልድይ ላይ ቀጥሬዋለሁ።»

ሁላችንም ዳኛውን አየን። ዳኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ነገር ሲቀጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። «እሺ። ሕግ ነው» አሉ።

«ተከሳሹ ዋስ ይጥራና ይፈታ» አሉ ባላገሩ።

ባለአውቶቡሱ ዙሪያውን ተመለከተ። ከአጠገቡ የቆሙት አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ዲያቆኑ ተራራውን ማየት ጀመረ። ሾፌሩ ከድንጋዩ አልተነሳም። ሰውየው ቀልቡ ተገፎ፣ ኮቱ ተጎትቶ አንገቱ ጋ ሲታነቅ አየሁት፤ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ የለፈፈው ሰው አይመስልም።

«እኔ አለሁ» አሉ አክስቴ።

ነጠላቸውን ጎተትኩ። «አክስቴ፣ ምን ሆነው ነው? ያታለለን እኮ ነው!»

«አላታለለም» አሉኝ ቀስ ብለው፤ ሌላው ግን ሰማ። «ያላየውን ነው የነገረን። መኪናው ውስጥ፣ ‹ባሕሩ ምን ይመስላል ልጄ?› ብዬ ጠየቅሁት። ‹ባሕር ነው የሚመስል› አለኝ። ያየ ሰው እንዲህ አይልም።» ወደ ሰውየው ዞሩ። «አይተኸዋል?»

ባለአውቶቡሱ መሬት መሬት አየ። «አላየሁትም እናቴ» አለ። «ማር የሚያመጡልኝ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቼ ነው። ከናንተ ጋር ላየው ነበር።»

 ባላገሩ ዲያቆኑን፣ «አንተስ አይተኸዋል?» አሉት። ዲያቆኑ ከመጽሐፍ እንደሚያውቀው ተናገረ። ዳኛው ሳይጠየቁ፣ «እኔ በሥራ ብዛት አልደረስኩም» አሉ። ሾፌሩ ብቻ ቀረ። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። «ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ» አለ።

«ታዲያ ምን ይመስላል?» አሉ አክስቴ። ወደ እሱ ጠጋ አሉ።

ሾፌሩ በጣም አሰበ። «ብዙ ውሃ ነው» አለ።

ዳኛው የጋቢያቸውን ቋጠሮ ፈቱ። ባላገሩ በበቅሏቸው ወጥተው ሄዱ። አክስቴ አገልግሉን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ድልድዩ ሥር ጥላ ውስጥ ከፈቱት። ያለው ምግብ ለሁሉ የሚበቃ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ቀመሰ። ለባለአውቶቡሱ ሲደርስ አልበላም አለ። አክስቴ ጠቅልለው ወደ አፉ አቀረቡለት፤ እምቢ ለማለት አፉን ሲከፍት አጎረሱት። ቀጥለው ዳኛውን አጎረሱ። ሁለቱ ሰዎች አፋቸውን ሞልተው እርስ በርስ እየተያዩ አላመጡ።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ጫማቸውን አውልቀው ወንዙ ድንጋይ ከልሎት በሚቆምበት በኩል እግራቸውን ነክረው ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ሄድኩ። አረንጓዴው ሻርፕ ራሴ ላይ ነው። መናኸሪያ ቆማ የምትጠብቀኝን ልጅ ሳስብ ዕንባዬ መጣ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«የባሕር ዳሯ ልጅ ማታ ቆማ ልትጠብቀኝ ነው አክስቴ። አላከበረችኝም ትላለች። እርስዎንም ከቤትዎ አስወጥቼ ድልድይ ሥር አስቀመጥኩዎ።»

አክስቴ እግራቸውን ውሃው ውስጥ አንቀሳቀሱ። «እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ውዬ አላውቅም» አሉ። «ቤቴ ብሆን ዛሬ ምን እሠራ ነበር? ጓሮዬን አየሁ፣ ገባሁ፣ ተኛሁ። ዛሬ ግን የሁለት ሰው ጠብ አየሁ፣ ዳኝነት አየሁ፣ ዋስ ሆንኩ። ባሌ በሕይወቱ ዋስ ሆኖ አያውቅም፤ ፈሪ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ባሕሩ ግን ቢታይ ጥሩ ነበር። እሱን አልዋሽሽም።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከዳንግላ በኩል እህል የጫነ መኪና መጣና በገመድ ጎተተን። የእህል መኪናው ሾፌር ቤቱ ቡሬ ስለነበረ ቡሬ ሲደርስ ቆመ። በዚያ ጉዞ አውቶቡሳችን የቆመበት ከተማ ቡሬ ብቻ ነው፤ እሱም በሌላ መኪና ፍሬን ነው።

ምሳ አዘጋጇ ሴትዮ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። የዶሮ ወጡን ደጋግመው ሲያሞቁት ስለዋሉ ዶሮው ከአጥንቱ ተለያይቶ ነበር። ተቀምጠን በላን። ሴትዮዋ የእጅ ማስታጠቢያቸውን አንስተው አገላብጠው አዩት። ውጩ በጥላሸት ጠቁሯል፣ ውስጡ ዝገት የመሰለ ውሃ ይዟል።

«በዚህ ምን ስትሠሩበት ዋላችሁ?» አሉ።

«ሞተር አጠጣንበት» አሉ አክስቴ።

እዚያው አደርን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሌላ የጭነት መኪና እስከ ፍኖተ ሰላም ይጎትተን ጀመር። ማንኩሳ ስናልፍ ሻይ ቤቱ ዝግ ነበር። ፍኖተ ሰላም ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ባለአውቶቡሱ መኪናውን አስቆመና ገመዱ እንዲፈታ ለመነ፤ ወደ ከተማው የሚያስገባው መንገድ ቁልቁል ነው። ገመዱ ተፈታ። ዳኛው ከወንበራቸው ተነስተው ወደ እኛ ዞሩ።

«ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ» አሉ። «አቧራችሁን አራግፉ። ሰው ያየናል።»

አውቶቡሱ በራሱ ተንሸራቶ፣ ተንገጫግጮ፣ ተነስቶ እየጮኸ ከተማ ገባ። ዲያቆኑ ዜማ ጀመረ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ከሠርክ ጸሎት የሚመለሰው ሕዝብ ሮጦ ከበበን። እንዴት ነበር፣ ምን አያችሁ፣ ተባልን። ዳኛው ከደረጃው ሳይወርዱ ባርኔጣቸውን ቀና አድርገው፣ «ጣና ሰፊ ነው» አሉ። ዲያቆኑ ስለ ደሴቶቹ ያስረዳ ጀመር፤ ያሳመረው አነጋገር ነው። አንዷ ጎረቤቴ እኔን ስትይዘኝ፣ «ንፋሱ ደስ ይላል» አልኳት። ንፋሱን ከስልክ አውቀዋለሁ።

ባለአውቶቡሱ ይህን ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሰው ሲበተን አክስቴ ጋ መጥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። አክስቴ ትከሻውን ይዘው አቀኑትና፣ «ባትሪ ግዛ ልጄ» አሉት።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ገብቼ መጀመሪያ የጠራሁት ባሕር ዳርን ነው። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ ሌሊቱን ሳጠና አድሬያለሁ። አፌን ሳልከፍት ግን እሷ ቀደመችኝ።

«አንቺ ኩሩ ነሽ ለካ!» አለች። «በስልክ እንዲያ የምትስቂው ልጅ፣ ፊት ለፊት ስንገናኝ እንዴት አንድ ቃል ትከለክይኛለሽ?»

«ምን? እኔ እኮ አልመጣሁም። አውቶቡሳችን ፈጣም ላይ ተበላሽቶ ተመለስን።»

መስመሩ ዝም አለ። ተቋረጠ ብዬ ገመዱን ነካሁት።

«ቅዳሜ ማታ ከአውቶቡስ የወረደች፣ አረንጓዴ ሻርፕ ያሰረች ልጅ አቅፌ ሳምኳት» አለች በመጨረሻ። «ቤቴ ወሰድኳት፣ አበላኋት፣ አልጋዬን ለቅቄላት መሬት ተኛሁ። ጠዋት እጅ ነሥታኝ ሄደች። ታዲያ ማንን ነው ያሳደርኩት?»

ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ፍንጭቷን ጓደኛዬንም አግኝቻታለሁ፤ ስንገናኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ መታወቂያዬን ነው።

አክስቴ ግን ነገሩ አላለቀላቸውም። ከከተማው ሰው ጋር አብረው አልዋሹም፤ መዋሸት አይችሉበትም። ገበዝ ማርያም ሲመለሱ የደብሩ የቅኔ መምህር ከነተማሪዎቻቸው ጠበቋቸው።

«ባሕሩን አዩት ወይ?» አሉ መምህሩ።

«አልደረስንም» አሉ አክስቴ። «ሁለት ዳገት መሐል ቁጭ ብለን ውለን በሰው ጉልበት ተጎትተን ተመለስን።»

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። «ሁለት ዳገት» አሉ። «መወለድና መሞት ነው። ተጎትተን አሉ፤ ሰው በራሱ ጽድቅ አይመለስማ!» ተማሪዎቹ ደረታቸውን እየያዙ አደነቁ።

«ኧረ መኪናው ተበላሽቶ ነው!» አሉ አክስቴ።

«መኪናው ሥጋችን ነው» አሉ መምህሩ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞረው።

ይህን አክስቴ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ለትንሣኤ ልጠይቃቸው ስሄድ። ደጃቸው ላይ የቆሎ ተማሪዎች ተቀምጠው ነበር። አክስቴ ወደ ጓዳ ወስደውኝ፣ «ምን ይሻለኛል?» አሉኝ። «እውነቱን በነገርኳቸው ቁጥር ተማሪው ይበዛል። ጠላውም አልበቃኝ አለ።» ከዚያ ማሰሮውን አንስተው ወጡ። ከውጭ ድምፃቸው ሲሰማኝ ባትሪው እንዴት እንደሞተ እንደገና ከመጀመሪያው ሲያስረዷቸው ነበር፤ አንዱ ተማሪ «እሰይ!» ሲል ሰማሁት።